የሰው ገመና በአደራ

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ዐይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው ጉልበቴ ላይ ባለው ደብተር ነው። አንዳንዶቹ በዝምታ ይመለከቱታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይደላደሉ «የምንነጋገረው ሁሉ ይጻፋል?» ብለው ይጠይቁኛል። በአዲስ አበባ የግል የምክር አገልግሎት መስጠት ከጀመርኩ 11ኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች መካከል የዚህን ያህል ተገቢ የሆነ የለም ብዬ አምናለሁ። ጠያቂው «ሆድ ይፍጀው» ሲባል እየሰማ ያደገ፣ ገመናን መሸፈን የጨዋነት ምልክት መሆኑን ከወላጆቹ የተማረ፣ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ብሂል በገዛ ሕይወቱ ያረጋገጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለማያውቀው ባለሙያ ሆዱን ከመክፈቱ በፊት ቃሉ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ ለማወቅ መፈለጉ መብቱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ሰው የመጣበት ጭንቀት እያለ ስለ ወረቀትና ስለ ስልክ ግማሽ ሰዓት ላወራው አልችልም። ረዘም ያለውን መልስ እዚህ ለመጻፍ የፈለግኩት ለዚህ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባኛል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ሁኔታዎች በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙኝ ዓይነቶች እንጂ የአንድ የተለየ ሰው ታሪክ አይደሉም፤ ራሴ ያጠፋሁትን ጥፋት ስናገር እንኳ የተገልጋዩን ማንነት የሚጠቁም ነገር አውጥቼ ጥያለሁ። በሙያው ያሉ ሰዎች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው «አንዲት ባለትዳር ወደ እኔ መጥታ ነበር» እያሉ ታሪክ ሲተርኩ ስሰማ እጨነቃለሁ፤ ያቺ ሴት ቤቷ ተቀምጣ፣ ምናልባትም ከባሏ ጋር ሆና፣ እየሰማች ሊሆን ይችላልና።

ከደብተሩ ልጀምር። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ የምጽፈው ከአምስት መስመር አይበልጥም። ቀኑን፣ የተገልጋዩን መለያ ቁጥር፣ የተነጋገርንበትን ጉዳይ በጥቂት ቃላት፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የተስማማንበትን ነገርና የታዘብኩት የአደጋ ምልክት ካለ እርሱን እጽፋለሁ። ተገልጋዩ በንግግሩ ውስጥ የሚጠራቸውን ሰዎች ስም አልጽፍም፤ «ባል»፣ «አለቃ»፣ «ታላቅ ወንድም» የሚለው ይበቃኛል። የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት፣ የሚኖርበትን ሰፈር፣ የሚያስቀድስበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም የሚሰግድበትን መስጊድ አላሰፍርም። ስለ ፖለቲካ ያለውን አቋም፣ ስለ ብሔሩ ያጫወተኝን፣ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቱን፣ ቤተሰብ የማያውቀውን የልጅ ጉዳይ ለምክሩ ሥራ የግድ ካላስፈለገ በቀር ወረቀት ላይ አላኖርም፤ ማኖር ካለብኝም ሌላ ሰው ቢያነበው ትርጉሙን በማይረዳው መንገድ አሳጥሬ አኖረዋለሁ። ብዕሬን ሳነሣ ሁልጊዜ ይህ ገጽ ታክሲ ውስጥ ተረስቶ ቢቀር ያገኘው ሰው የማን እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል ወይ ብዬ አስባለሁ። ደብተሩ ከቢሮ ወጥቶ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ማሰቤ እጄን ይገታልኛል።

የስም ነገር በእኛ አገር ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የአንድ ሰው ስምና የአባቱ ስም ጎን ለጎን ሲጻፉ ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱን፣ አንዳንዴም የመጣበትን አካባቢና ብሔሩን ይናገራሉ። ስለዚህ ስሙን ብቻ የያዘ ዝርዝር እንኳ ተራ ዝርዝር አይደለም። የእኔ የስም ዝርዝር ከቁጥሮቹ ጋር በአንድ ስፍራ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ማስታወሻዎቹ ደግሞ ቁጥር ብቻ ይዘው በሌላ ስፍራ፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጣሉ። አንዱን ያገኘ ሰው ሌላውን ካላገኘ ምንም አላገኘም። ተገልጋዮችን መታወቂያ አልጠይቅም፤ የመታወቂያ ቅጂ ይዤ የምሠራበት ነገር የለኝምና። የምጠይቀው ሊጠሩበት የሚፈልጉትን ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ዕድሜና በአደጋ ጊዜ ልደውልለት የምችል አንድ ሰው ነው። አንዳንዶች ለወራት በሌላ ስም ሲጠሩ ይቆዩና አንድ ቀን በንግግራቸው መሐል እውነተኛ ስማቸውን ይነግሩኛል። ያን ቀን የምክሩ ሥራ አንድ እርምጃ መራመዱን አውቃለሁ፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ግን እነርሱ ካልጠየቁኝ አልለውጠውም።

በእጅ መጻፌን ወጣት ባልደረቦቼ የቆየ ልማድ አድርገው ያዩታል። ምክንያቴን ከእኔ ይልቅ የሚያስረዳው በፊንላንድ የደረሰው ነገር ነው። ቫስታሞ የሚባል፣ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ከተሞች ክሊኒኮች የነበሩት የግል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የተገልጋዮቹን መዝገብ በኮምፒዩተር ቋት ውስጥ ያለ በቂ ጥበቃ አከማችቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ሰው መዝገቡን ሰርቄያለሁ ብሎ ብቅ አለ፤ ከድርጅቱም 40 ቢትኮይን ጠየቀ። ገንዘቡ ሳይከፈለው ሲቀር ሰዎች ለሐኪሞቻቸው የተናገሩትን የያዙ ማስታወሻዎች ከስማቸው ጋር በኢንተርኔት ማውጣት ጀመረ፤ ቀጥሎም ለተገልጋዮቹ ለየራሳቸው መልእክት እየላከ በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ዩሮ ካልከፈሉ፣ ካለፈም 500 ዩሮ ካልሰጡ ገመናቸውን እንደሚያወጣው አስፈራራ። የተሰረቀው የ33,000 ያህል ሰዎች መዝገብ ነበር፤ በመካከላቸው ልጆችም ነበሩ። ድርጅቱ በማግሥቱ ዓመት ከሰረ፤ ሌባው እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የ6 ዓመት ከ3 ወር እስራት ተፈረደበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘወትር የሚመላለስብኝ የእነዚያ ማስታወሻዎች ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው። ሐሜተኞች አልነበሩም፤ ሥራቸውን በትጋት የሚሠሩ፣ የሰሙትን በዝርዝር ያሰፈሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ትጋታቸው ለሌባው ምርት ሆነለት። እርግጥ የእኔ አጭር ማስታወሻም ዋጋ ያስከፍለኛል። አንዳንድ ጊዜ ሰው ከሦስት ወር በፊት የነገረኝን እረሳና ዳግመኛ እጠይቀዋለሁ፤ ይህ ያሳፍራል፤ ተገልጋዩንም «አልሰማችኝም ነበር ማለት ነው» ሊያሰኘው ይችላል። መድኃኒት የሚያዝ የአእምሮ ሐኪም፣ ወይም ብዙ ባለሙያዎች አንድን ሕመምተኛ የሚከታተሉበት ሆስፒታል፣ እንደ እኔ ባለ አምስት መስመር ሊሠራ አይችልም፤ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን፣ ያስከተለው ችግር ሁሉ መጻፍ አለበት። ለብቻዋ በአንድ ክፍል ውስጥ ለምትሠራ አማካሪ ግን ያልተጻፈ ነገር እንደማይሰረቅ ማወቅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንዲት ሴት ቀጠሮ ለመለወጥ ወደ ስልኳ ደወልኩ። ያነሣው ወንድ ነበር። «ማን ልበል?» ሲለኝ ሳላስብ ስሜን ነግሬ ከምክር አገልግሎት መሆኔን ተናገርኩ። በእኛ ቤቶች ስልክ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ፣ ባል የሚስቱን፣ እናት የልጇን፣ ታናሽ የታላቁን ስልክ እንደሚያነሣ የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት አላሰብኩትም። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ከረጅም ጊዜ በኋላ ደውላ በዚያ ቀን ምን እንደተከተለ ነገረችኝ፤ ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም፤ የእርሷ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። ጥፋቴ ከአፌ የወጡ ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ ስለ ትዳሯም ስለ ጭንቀቷም ያልኩት አንዳች ነገር አልነበረም። ወደ አማካሪ መሄዷን ማሳወቄ ብቻውን በቂ ነበር። «አማኑኤል» የሚለው ስም ስድብ ሆኖ በሚያገለግልበት ከተማ፣ አንድ ሰው ምክር ፍለጋ መሄዱ ራሱ ምሥጢር መሆኑን የተማርኩት በእርሷ ጉዳት ነው።

ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ቀን ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ስልክዎን ሌላ ሰው ያነሣል ወይ?» የሚል ሆኗል። የሚያነሣ ካለ በጽሑፍ መልእክት ብቻ እገናኛለሁ፤ መልእክቱም «ሐሙስ 10 ሰዓት ወደ 11 ተዛውሯል» ከማለት አያልፍም። ሌላ ሰው ካነሣ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ እዘጋለሁ። ይህ ውሸት አይደለም ወይ ብላ አንዲት ባልደረባዬ ሞግታኛለች። ብዙ አስቤበት፣ የተገልጋዬን ፈቃድ አስቀድሜ ስላገኘሁ በዚህ ልኖር ወስኛለሁ። በእኔ ስልክ ውስጥም የተገልጋይ ስም የለም፤ ቁጥሩን የማስገባው ከመለያ ቁጥሩ ጋር ነው። ስልኬን ልጄ ለጨዋታ ትወስደዋለችና።

ቴሌግራም ደግሞ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ የ15 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ቀድቶ ይልክልኛል፤ ጠዋት ስነሣ አገኘዋለሁ። ተገልጋዮቼ ብዙውን ጊዜ የማያውቁት፣ በቴሌግራም የሚደረግ ተራ ውይይት በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ የሚቀመጥ መሆኑን ነው፤ በሁለቱ ስልኮች መካከል ብቻ ተቆልፎ የሚሄደው «ሚስጥራዊ ውይይት» ተብሎ ለብቻው የሚከፈተው ነው። ዋትስአፕ መልእክቱን ሲልክ ይቆልፈዋል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሳያስብበት ባክአፑ፣ ማለትም ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ቅጂ፣ ወደ ኢሜይል አካውንቱ ሲሄድ ያ ቁልፍ ላይኖረው ይችላል። አካውንቱ ደግሞ በብዙ ቤት በልጅ ወይም በሰፈር ስልክ ጠጋኝ የተከፈተ፣ የይለፍ ቃሉንም እነርሱ የሚያውቁት ነው። ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው፤ ሌሊት የመጣውን ሐሳብ በወረቀት ይጻፉትና ይዘውት ይምጡ፣ ወይም እስከ ቀጠሯችን ያቆዩት። ላክሁት ካሉ አዳምጬ ከሁለታችንም ስልክ አጠፋዋለሁ፤ መልሱን በአካል እሰጣለሁ።

በዚህ ረገድ ልቤን የሚከብደኝ በዐረብ አገር በቤት ሠራተኛነት ያሉ እህቶቻችን ጉዳይ ነው። ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት በኢሞ ይደውላሉ፤ የሚደውሉት አሠሪዎቹ ከተኙ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር በሚጋሩት ክፍል ውስጥ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ነው። አንዳንዶቹ የያዙት ስልክ የአሠሪው ነው። እንዲህ ላለች ሴት ስለ መቆለፊያና ስለ ባክአፕ ማውራት ፌዝ ይመስላል። በመጀመሪያው ደቂቃ የምነግራት ሰው ከገባ የምትለውን ቃል ነው፤ «እማዬን ሰላም በይልኝ» ካለች እኔ ወዲያው ስለ ቤተሰብ ጤና መጠየቅ እጀምራለሁ። ስትጨርስ ጥሪውንና መልእክቱን እንድታጠፋ አስታውሳታለሁ። ስለ እርሷ በእኔ ዘንድ የሚጻፈው ከሁሉም ያነሰ ነው።

ገንዘብም ያወራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ተገልጋይ እየቀነሰ ሄዷል፤ ይህ ለሥራው ቢመችም እያንዳንዱ ክፍያ የከፋዩን ስም ለእኔ፣ የእኔን ስም ለከፋዩ ስልክ ይነግራል። በባንክ ሲላክ ደግሞ «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ቅን ሰዎች ቅን በሆነ ልብ «ለትዳር ምክር» ብለው ይጽፉበታል፤ ያ ቃል በባንኩ መዝገብም በደረሰኙም ላይ ይኖራል። የሚላክልኝን ስክሪንሹት ከሒሳብ ጋር አመሳክሬ እሰርዘዋለሁ፤ ተገልጋዮቼንም «ክፍያ» ከሚለው ሌላ እንዳይጽፉ እነግራቸዋለሁ። ለግብር የምቆርጠው ደረሰኝ ላይ «የማማከር አገልግሎት» ይላል። ይህ እውነትም ነው፣ በቂም ነው።

ከከፋይ ጋር የተያያዘው ከባዱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ከዋሽንግተን እህት ለወንድሟ ትከፍላለች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውላ «እንዴት ነው ልጁ? ሐሺሹን ተወው ወይ?» ትለኛለች። ጭንቀቷ እውነተኛ ነው፤ ሌሊት ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ የላከችው ስለምትወደው ነው። በእኛ ባህል ደግሞ የከፈለ፣ ያሳደገ፣ የታላቅነት ወግ ያለው ሰው ማወቅ ይገባዋል። የእኔ መልስ ግን አይለወጥም፤ ክፍያው የእርሷ ቢሆንም ቃሉ የወንድሟ ነው። ስለዚህ ገና ገንዘቡ ሳይላክ ሦስታችን በስልክ እንነጋገራለን፤ ለእርሷ የሚነገራት መምጣቱና አለመምጣቱ ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም ያን የሚፈቅደው ሲስማማ ብቻ እንደሆነ እንስማማለን። ይህን ሰምታ «እንግዲያው ገንዘቤን አልልክም» ያለችኝ እህት ነበረች፤ አልተቀየምኳትም። ሠራተኞቻቸውን ወደ እኔ ከሚልኩ ድርጅቶች ጋር የምፈርመው ስምምነትም በዚሁ መልክ ነው፤ ለድርጅቱ የሚደርሰው የክፍለ ጊዜዎች ቁጥር እንጂ የሠራተኛው ስም እንኳ አይደለም።

በትዳር ጉዳይ ሽማግሌዎች አንዳንዴ በሬን ያንኳኳሉ። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ፍርድ ቤት የማይደርስበትን ብዙ ቤት አቁሟል። የሽምግልና አካሄድ ሁለቱም ወገን በተሰበሰበበት ተናግሮ ሁሉም እንዲሰማ ነው፤ የምክር አገልግሎት አካሄድ ግን ሌላ ነው። «አንቺ የምታውቂው ነገር አለ፤ ለእርቁ ስለሚረዳን ንገሪን» ሲሉኝ የምመልሰው፣ የተባለው ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ ያውቃል ወይም አያውቅም ብዬ መናገር እንደማልችል ነው። አልመጣም ማለት እንኳ አልችልም፤ ላልመጣ ሰው «አልመጣም» ብዬ ለመጣ ሰው ዝም ካልኩ ዝምታዬ ራሱ መልስ ይሆናልና። እንደ አባት የሚታዩ ሰዎችን እንዲህ ብሎ መሸኘት ይከብዳል። ቡና አፍልቼ፣ አስቀምጬ፣ በአክብሮት እሸኛቸዋለሁ።

መንገድ ላይ ሰላም አለማለትም እንዲሁ ይከብደኛል። በእኛ ዘንድ የሚያውቁትን ሰው አይቶ ማለፍ ንቀት ነው፤ ሦስት ጊዜ ጉንጭ የሚሳሳም ሕዝብ ነን። እኔ ግን ተገልጋዬን በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ፣ በሱቅ ባገኘው ቀድሜ ሰላም አልለውም። ከጎኑ ያለችው ሚስቱ «ማን ናት? ከየት ትተዋወቃላችሁ?» ብትለው የሚመልሰው የለውም። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ እነግራለሁ፦ «ካላዩኝ አላየሁዎትም፤ እርስዎ ሰላም ካሉኝ ግን በደስታ እመልሳለሁ፤ ከየት እንደምንተዋወቅም የሚሉትን እርስዎ ይወስናሉ» እላለሁ። አንድ ጊዜ በአንድ ዝግጅት ላይ አንድ ሰው ከባለቤቱ ጋር አስተዋውቆኝ «የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ» አለኝ። ምሽቱን ሙሉ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ሆንኩ። በቢሮዬም በሁለት ቀጠሮዎች መካከል 20 ደቂቃ የማስቀምጠው ሁለት ሰዎች በር ላይ እንዳይተያዩ ነው፤ ለሕንፃው ጥበቃም «ወደ ማን ነው?» ከማለት አልፎ «ለምን ጉዳይ?» እንዳይል ነግሬዋለሁ።

ምሥጢሩ ወሰን የለውም ብዬ ግን ቃል አልገባም፤ ብገባ ውሸት ነው። ሰው ራሱን ሊያጠፋ ቆርጦ ሲነግረኝ፣ አንድ ልጅ እየተደፈረ ወይም እየተደበደበ መሆኑን ስሰማ፣ ሌላ ሰውን ሊገድል ያሰበ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ዝም አልልም። በሙያው ትምህርት ሁላችንም የምንማረው የካሊፎርኒያው ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ፕሮሰንጂት ፖዳር የተባለ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታቲያና ታራሶፍን ሊገድላት እንዳሰበ ለሥነ ልቦና ባለሙያው ተናገረ። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አስታወቀ፤ ፖሊስ ሰውየውን ይዞ ለቀቀው፤ ለልጅቷም ለቤተሰቧም ማንም ሳይነግራቸው ተገደለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ባለሙያው አደጋ የተደገሰበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ውሳኔው እዚህ አያስገድደኝም፤ የታራሶፍ ነገር ግን በልቤ አለ። ስለዚህ ወሰኑን ተገልጋዩ አንድም ነገር ከመናገሩ በፊት እነግረዋለሁ። የንስሐ አባቱን እያሰበ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ፊቱ ይለወጣል፤ ልዩነቱን አውቆ መናገርም አለመናገርም የእርሱ ምርጫ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ምሥጢሩን ማውጣት ግድ በሆነበት ጊዜ እንኳ መጀመሪያ ለራሱ ለሰውየው እነግራለሁ፤ የምናገረውም ለአንድ ሰው፣ አደጋውን ለማስቀረት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። በ11 ዓመት ውስጥ ይህን ያደረግኩት ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንዱንም አልረሳሁትም።

ሕጉ ምን ይላል ለሚሉኝ በአጭሩ ልመልስ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የደብዳቤንና የስልክ ግንኙነትን አለመደፈር ያረጋግጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 እንደ ሐኪም፣ ጠበቃና የሃይማኖት አባት ያሉ ሰዎች በሙያቸው ያወቁትን ምሥጢር ማውጣታቸውን ያስቀጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ጤናን፣ ሃይማኖትንና ብሔርን የሚመለከት መረጃ የበለጠ ጥበቃ እንዲደረግለት ያዝዛል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን እንዲያይና እንዲያሳርም መብት ይሰጠዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ሲወጣ ደስ ብሎኛል። ለእኔ ትልቁ ነገር የማየት መብቱ ነው። ከጠየቀኝ ደብተሩን ፊቱ እከፍታለሁ። የሚያነቡት ብዙዎቹ «ይኸው ብቻ ነው?» ይላሉ።

ከባድ ጉዳይ ሲገጥመኝ የምማከራት አንዲት ታላቅ ባለሙያ አለች። ለእርሷም ስም፣ ሥራና ሰፈር አልነግርም። አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ «ልጇ ካናዳ ያለች፣ ባሏ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነ» ካሉ ሁለት ሰው ተጠይቆ የሚደረስባት ናት።

ይህችው ባለሙያ አንድ የታሸገ ፖስታ ይዛልኛለች። ውስጡ የሁለቱ ቁልፎች ቅጂና የሚደወልላቸው ሰዎች ቁጥር ያለበትን ስፍራ የሚገልጽ ወረቀት ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ዘመድ ወዳጅ ቤቱን ይሞላል፤ ሣጥኑ ይከፈታል፣ ወረቀቱ ይታያል፣ «ይህ ምንድን ነው?» ይባላል። ለባለቤቴ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ለእርሷ እንዲደውል። እርሷ ለተገልጋዮቼ ታስታውቃለች፤ መቀጠል የሚፈልጉትን ከሌላ አማካሪ ጋር ታገናኛለች፤ ደብተሮቹንም ሳታነብ ታስወግዳለች። እኔም ለእርሷ እንዲሁ ቃል ገብቻለሁ።

በሕይወት እያለሁ ደግሞ ምክሩ ካበቃ 5 ዓመት የሞላው ማስታወሻ ይወገዳል፤ ባለቤቱ ቀድሞ ካልጠየቀኝ በቀር። ጊዜው ጳጉሜን ነው። ቢሮው ይዘጋል፤ ቀጠሮ አልይዝም። ጊዜያቸው የደረሰውን ቁጥሮች ከዝርዝሩ ላይ እየፈለግኩ ገጾቹን ከደብተሩ እቀድዳለሁ፤ በመቁረጫ ማሽኑ አልፈው ሲወጡ ወደ ቤት ወስጄ በከሰል ምድጃ ላይ አቃጥላቸዋለሁ። ከዚያ የስም ዝርዝሩን አወጣና በስሞቹ ላይ አንድ በአንድ ቀለም እደፋባቸዋለሁ። አንዳንዱን ስም ሳገኝ ድምፁ ይመጣብኛል፤ እጄ ትንሽ ይዘገያል፤ ከዚያ እሰርዘዋለሁ።